የሳንባዬን ወሬ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ

ካንሰር እንደያዘኝ ከእኔ በፊት ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሚስቴ ታውቃለች። ወንድሟ ያውቃል። የነፍስ አባቴ ያውቃሉ። ሥጋ የምገዛበት ሰውዬ እንኳ ያውቃል፤ ለካ ያለ ወትሮው ጥሩ ጥሩውን የሚቆርጥልኝ ለዚህ ነው። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሳንባው ደግሞ የእኔ ነው። ሐኪሙ "አዲስ አበባ ሄዶ መድኃኒት ይጀምር" ብሎ የነገረው ለሚስቴ ወንድም ነው። የሚስቴ ወንድም ደግሞ "አይሄድም፤ እቤቱ በሰላም ይረፍ" ብሎ ወሰነ። እኔ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ "ውሃ ቋጥረህ ነው፣ ብርድ ነው" እየተባልኩ፣ ጋቢ ተከናንቤ ፀሐይ ስሞቅ ከረምኩ። በደሉ ይኸው ነው። አላጋነንኩም፣ አልቀነስኩም።

ይህን የምጽፈው አንድም ቤታቸው የታመመ ሰው ላላቸው ነው፤ አንድም ትንፋሽ አጥሮት "ተኛ፣ አትንቀሳቀስ" ለተባለ ሰው ነው። ለሁለቱም የምለው አለኝ።

አበጀ እባላለሁ። የወሎ ሰው ነኝ። ደርግ በወደቀ ማግስት ሥራ ፍለጋ መቀሌ ገባሁ። ከተማው ሁሉ ድንጋይ ይክብ ነበርና እኔም ድንጋይ ጠራቢ ሆንኩ። ዓዲ ሓቂ ሰፈር ውስጥ ተማሪ የሚከራያቸው ብዙ ቤቶች ግድግዳቸው የእኔ እጅ ነው። እዚሁ ለተብርሃንን አገባሁ፤ የአገሩ ልጅ ናት። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት፣ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ነው። ታዲያ አንዱ ተነስቶ "ማንበብ ከቻልክ ወረቀትህን ለምን አላነበብክም?" እንዳይለኝ። የሐኪም ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። ፊደል ቆጥሬም በራሴ ደረት ጉዳይ መሃይም ነበርኩ።

ሲጀምር ሳል ነው። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ። ድንጋይ ጠራቢ ሁሉ ያስላል፣ አቧራ ነው፣ ማንም አይደነግጥም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። መዶሻ ሳነሳ የማንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረችኝ። እሷን መጨረስ አቃተኝ። መሃል ላይ ትንፋሼ ይቆረጣል። መጀመሪያ ዜማውን አሳጠርኩ፣ ቀጥሎ ተውኩት፣ ቀጥሎ መዶሻውን ተውኩት።

ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ቀና ሳይል "ታጨሳለህ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ምን?"

"ድንጋይ።"

ሳቀ። ሽሮፕ ጻፈልኝ። ሽሮፑ አለቀ፣ ሳሉ አላለቀም። ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ "ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ አክታህ ላይ ባይታይም እንጀምርልህ" አሉኝ። ወራት ሙሉ ክኒን ዋጥኩ። ሽንቴ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ቀላ። ጎረቤት ስኒዬን ለብቻ አስቀመጠ። ቲቢ አልነበረም። ሦስተኛው ቦታ "አስም ነው" ብለው አፍ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት ሰጡኝ። አስምም አልነበረም። በየክሊኒኩ ያስከፍሉኛል፣ በየክሊኒኩ እርግጠኞች ናቸው።

መጨረሻ ላይ ትልቁ ሆስፒታል ሄድኩ። እዚያ ያለውን አግዳሚ ወንበር የማያውቅ የታደለ ነው። ተራ ስንጠብቅ የምንተዋወቀው በሳል ነው፤ "ያቺ ደረቋ ሳል ዛሬ አልመጣችም" እንባባላለን። አንድ ቀን ጀርባዬ አልቆም ብሎኝ ስወዛወዝ፣ የማላውቃት ሴት ልጇን አስነስታ ግድግዳውን ለቀቀችልኝ። "ደገፍ በል ኣቦይ፤ ግድግዳ የሁሉም ነው" አለችኝ፤ አባቴ ማለቷ ነው። ግድግዳ ስሠራ ኖሬ ግድግዳ ያገኘሁት የዚያን ቀን ነው።

ሳንባዬ ዙሪያ የቋጠረውን ውሃ ከጀርባዬ በመርፌ ቀዱልኝ። ለምርመራም ላኩት። ውጤቱ የመጣ ዕለት፣ በ2010 ጥቅምት ላይ፣ የሄድኩት ከሓጎስ ጋር ነው። ሓጎስ የለተብርሃን ታላቅ ወንድም ነው፤ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው፣ በቤተሰቡ ዘንድ እሱ ያለው አይታጠፍም። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ወጣና አየን፤ እኔ ጋቢ ለብሻለሁ፣ ሓጎስ ኮት ለብሷል።

"የታማሚው ቤተሰብ?"

ሓጎስ ተነሳ። ገቡ። በሩ ተዘጋ። እኔ፣ ባለ ሳንባው፣ በር ስመለከት ቆየሁ። ሲወጣ ፊቱ የታጠበ ጨርቅ መስሏል።

"ምን አለ?" አልኩት።

"ውሃ ነው። ቋጥረህ ነው። ይደርቃል።"

"ለውሃ ነው በር የተዘጋው?"

"ብርድ እንዳይገባ" አለኝ።

አመንኩት። ምን ላድርግ? ሰው ዘመዱን ካላመነ ማንን ያምናል።

ከዚያ በኋላ ቤቴ የሙሽራ ቤት ሆነ። ለተብርሃን እጄን እንኳ ተነስቼ እንድታጠብ አትፈቅድም፤ ሳፋውን ይዛ እኔ ዘንድ ትመጣለች። "አትነሳ" "አትናገር" "አትድከም"። በተኛሁ ቁጥር የባሰ እደክማለሁ፣ በደከምኩ ቁጥር ተኛ እባላለሁ። ሌሊት በጀርባዬ መተኛት አልችልም፤ ትራስ ደርቤ ተቀምጬ አነጋለሁ። ፍርሃቱን አልገልጸውም። ራሱን ውሃ ውስጥ ደፍቀው የያዙት ሰው ያውቀዋል።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ገብረመድህን መጣ። ገብረመድህን አብሮኝ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። በአንድ ቤት ማዕዘን ተጣልተን ስንት ዓመት አልተነጋገርንም፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ማዕዘኑ የተጣመመው በእሱ ነው፤ ዛሬም በእሱ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ደጄ ላይ ቆመ። ይቅርታ አጥብቆ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው።

"ይቅር በለኝ አበጀ። ስለ እግዚአብሔር ብለህ።"

"አውርደው።"

"ይቅር ሳትለኝ አላወርድም።"

"ማን ነው የጠረበው?"

"እኔ ነኝ።"

"ያስታውቃል። ጎኑ አልቀናም።"

"ኣንታ ሰውዬ!" አለ። "አሁንም? እንዲህ ሆነህም?"

እንዲህ ሆነህም። ቃሏ ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። አሰብኩ። ጤነኛ ባላንጣው ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው የለም። ጉንፋን ለያዘው ሰውም የሚሸከም የለም። ሰው እንዲህ የሚቻኮለው ቂሙ መቃብር ሳይወርድ ለመድረስ ነው።

"ገብረመድህን፤ ልሞት ነው እንዴ?" አልኩት።

ድንጋዩ ከትከሻው አምልጦ ወለሉን ሰነጠቀው። ስንጥቁ ዛሬም አለ፤ እንዲደፈን አልፈቀድኩም።

"አልነገሩህም?" አለ።

"ምንድን ነው ያመመኝ?"

ወደ ጓዳ አየ፣ ወደ በር አየ፣ መሸሻ አጣ። "መንሽሮ" አለኝ፤ ካንሰርን በትግርኛ እንዲህ ይሉታል። "ሰው ሁሉ የሚለውን ነው እኔ የምለው። የምታውቅ መስሎኝ ነው ወንድሜ።"

ይቅር አልኩት። ስለለመነኝ ሳይሆን ወሬውን ስላመጣልኝ ነው።

ለተብርሃን ስትገባ የወደቀውን ድንጋይ አየች፣ እኔን አየች፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

"ብነግርህ ትሞታለህ ብዬ ነው" አለች።

"ሳትነግሪኝስ?"

ሓጎስ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነግሯት፣ "ለአበጀ አንዲት ቃል ትንፍሽ እንዳትይ" ብሎ አስምሏት ነበር።

በማግስቱ ብቻዬን ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። "ለቤተሰብህ ተናግሬ ነበር" አለኝ።

"ቤተሰቤን አያስለውም። የሚያስለው እኔን ነው።"

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ፤ እውነት ለመናገር ደህና አድርጎ ነገረኝ። ዕጢው በቀዶ ጥገና የሚወጣ አይደለም። አዲስ አበባ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ አያድንም፣ ሊያሳንሰው ግን ይችላል።

"ያን ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ ብጀምረውስ ኖሮ?"

"አላውቅም ኣቦይ። ሊያግዝህ ይችል ነበር። ላያግዝህም ይችል ነበር።"

ይህ "አላውቅም" ደረቴ ውስጥ ካለው ዕጢ ይከብዳል። ዕጢው በመድኃኒት ትንሽ አነሰ። ይህኛው አላነሰም።

አዲስ አበባን አልተርክም። ከለተብርሃን ጋር እየተመላለስን መድኃኒቱን ወሰድኩ፣ አስታወከኝ፣ ጠጉሬ ረገፈ፣ አፌ ቆሰለ፣ ያለን ነገር ተሸጠ። ክረምቱ ሲወጣ ሐኪሞቹ "ጥሩ ነው፣ ቀንሷል" አሉ። ትንፋሼ ግን እንዳጠረ ነው። ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ሁለቴ ቆሜ አርፋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሰብሬ ነው የምናገረው።

ሓጎስን በሽማግሌ ልከሰው ወሰንኩ፤ አብራ ደብቃለችና ለተብርሃንንም። የሰፈራችን ሽማግሌ ኣቦይ ካሕሳይ ቤቴ መጥተው ሰሙኝ።

"ሥርዓቱን ታውቃለህ" አሉኝ። "የቆመ ይናገራል፣ የተቀመጠ ይሰማል። አንተ ቆመህ ነገርህን ታስረዳለህ። ስትጨርስ ትቀመጣለህ፣ ሓጎስ ይነሳል። ዝም ካልክ ግን የጨረስክ ነው የሚመስለው። አንተ ደግሞ…" ደረቴን አዩ። "ሰው ይናገርልህ?"

"የእኔን ነገር… ሌላ ሰው ሲናገር… ነው የተበደልኩት" አልኳቸው። ሁለቴ አርፌ።

ሓጎስ ይህን ሲሰማ "ይምጣ፣ ይናገር፤ ሦስት ቃል ሳይል ይቀመጣል" አለ ብለው ነገሩኝ። በክፋት አልነበረም ይላሉ። እኔ ግን የያዝኩት ያችን ቃል ነው። ዳኛ ፊት ቆሜ፣ በራሴ ትንፋሽ፣ ነገሬን እስከ ጫፍ መናገር አለብኝ። ካልቻልኩ ሓጎስ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ እኔም በቁሜ ሬሳ ነኝ ማለት ነው።

ለሐኪሙ "መናገር እፈልጋለሁ" አልኩት። ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ፤ ሰውነትን በእንቅስቃሴ የሚያክሙበት ክፍል ነው። ፍረወይኒ የምትባል ባለሙያ ተቀበለችኝ።

"ሳንባህን እኔ አላድንም ኣያ አበጀ" አለችኝ ገና ስንጀምር። "እሱ የሐኪሞቹ ሥራ ነው። እኔ የምፈልገው አየሩን የሚስቡትን ጡንቻዎች ነው።" እጇን ከጎድኔ በታች አሳረፈች። "እዚህ ደረትንና ሆድን የሚለይ ጡንቻ አለ፤ ድያፍራም ይባላል። ዋናው ጎታች እሱ ነው። መዶሻ ለወራት ባትይዝ ክንድህ ምን ይሆናል?"

"ይዝላል።"

"እሱም ዝሏል። አስተኝተው አዘሉት።"

የሰጠችኝ ዕቃ እፍኝ የማይሞላ ፕላስቲክ ነው፤ ፊሽካ ይመስላል። ውስጡ የብረት ሞላ አለው። አፍንጫህን በመቆንጠጫ ይዘህ፣ ከንፈርህን ገጥመህ፣ አየር ወደ ውስጥ ትስባለህ። ሞላው እምቢ ይላል፤ አጥብቀህ ካልሳብክ አይከፈትም። ሲለምድልህ ከኋላው ያለችውን ብሎን ታጠብቃታለህ፣ እንደገና እምቢ ይላል። ሥራው ይኸው ነው፤ ጠዋትና ማታ እምቢ ከሚል ነገር ጋር መታገል። ስታስወጣ ደግሞ ከንፈርህን አሹለህ፣ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዝ፣ ቀስ ብለህ።

መጀመሪያ ስስበው ዐይኔ ጨለመ። አልተከፈተም። ዕቃውንም፣ የሠራውንም፣ የሠራውን ሰው እናትም ሰደብኩ።

"ተሳደብ" አለች ፍረወይኒ። "ለስድብም ትንፋሽ ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ሳታርፍ ተሳደብልኝ።"

ባለሙያ ፊት እንጂ በራስህ ጉልበት አትጀምረው፤ ይህን ለአንባቢ እላለሁ። ራስህን ካዞረህ፣ ደረትህን ከወጋህ አቁም። በየሰዉ የሚስማማው ልክ ይለያያል፣ ለአንዳንዱም ጭራሽ አይሆንም ይላሉ። ለእኔ ሆነ።

ሊሆን ሲል ግን ዕቃው ከቤት ጠፋ። ትራስ ስር ፈለግኩ፣ አልጋ ስር ፈለግኩ። ለተብርሃን አብራኝ ትፈልጋለች፣ "ምን በላው?" ትላለች። ትንፋሼ ተመልሶ ወደ ነበረበት ወረደ። ቀጠሮዬ ደርሶ ፍረወይኒ ዘንድ ስንሄድ "እየሠራህ ነው?" አለችኝ።

"ጠፍቷል።"

ፍረወይኒ እኔን ትታ ለተብርሃንን አየቻት። ለተብርሃን ቦርሳዋን ከፈተች። ዕቃው ጤፍ ለብሶ ወጣ፤ ጆንያ ውስጥ ነበር የቀበረችው።

"እየደከመ ነዋ!" አለች፤ አለቀሰች። "ሲስበው ዐይኑ ይፈጣል። ለሰው የተሰጠው ትንፋሽ የተቆጠረ ነው፤ እሱ በዚህ ነገር እየጎተተ ይጨርሰዋል። እንኳን የታመመ፣ ደህናው ሰው ይሞታል በሱ።"

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ፤ ለጩኸት የሚሆን አየር አልነበረኝም። ፍረወይኒ ግን አልተቆጣችም። ከመሳቢያ በከንፈር የሚያዝ ሌላ ንጹሕ ጫፍ አውጥታ ገጠመችበትና "ሓፍተይ፣ ሳቢው" አለቻት፤ እህቴ ማለቷ ነው።

"እኔ?"

"አንቺ።"

ለተብርሃን ሳበች። ጉንጯ ወደ ውስጥ ገባ፣ ዐይኗ ፈጠጠ። አልተከፈተም። እንደገና ሳበች። ጭጭ። አውጥታ አየችው፣ ገለበጠችው፣ የተደፈነ መስሏት በጣቷ ጎረጎረችው።

"ባልሽ ያቆመበት ልክ ላይ ነው ያለው" አለች ፍረወይኒ።

"ይህን ይከፍተዋል?"

"ከመደበቁ በፊት ይከፍተው ነበር።"

ሚስቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንደ ሰው፣ እንደ ባል ያየችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ዕቃውን አጥባ፣ አድርቃ፣ ራሷ ታቀብለኛለች። ማታ ስስብ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ሳስወጣ አፏን አሹላ አብራኝ ትነፋለች፤ ሳታውቀው ነው። ብሎኗን ያጠበቅኩ ዕለት እልል ልትል ብላ ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን ያዘች። ከአልጋ እስከ በር ሳላርፍ ሄድኩ። ከበር እስከ መንገዱ ሄድኩ። ሳሉ አለ፣ ዕጢው አለ፣ ውጋቱ አለ። ትንፋሽ ግን መጣ። ብዙ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ነገር የሚበቃ ያህል።

ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣውን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። ሓጎስ ኮቱን ለብሶ ደርሷል፤ ለተብርሃን አጠገቡ ተቀመጠች፤ ተከሳሽ ናትና ቦታዋ እዚያ ነው።

ቆምኩ።

"ኣቦታተይ" አልኩ። "የመርዶን ወግ ታውቃላችሁ። ሰው ሲሞትበት ለባለ ሐዘኑ ወዲያው አይነገርም። ጎረቤት ሰምቶ ይደብቃል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሲነጋ ይነገራል። ደግ ወግ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን መርዶ ቢደበቅ አንድ ሌሊት ነው። የእኔን መርዶ አገር ሁሉ ሰምቶ ሲደብቅ… ለእኔ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አልነጋልኝም።"

እዚህ ላይ አየሩ አለቀ። ደረቴ ባዶ ጆንያ ሆነ። ከንፈሬን አሾልኩ፣ ቀስ ብዬ አስወጣሁ፣ ከጎድኔ በታች ያለውን ጎታች ጠራሁት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የሓጎስ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ኮቱን እየቆለፈ ሊነሳ ነው።

ለተብርሃን ኮቱን ይዛ ጎተተችው።

"ኮፍ በል ሓወይ" አለችው። ተቀመጥ ወንድሜ ማለቷ ነው። "አልጨረሰም። እየተነፈሰ ነው።"

ሓጎስ ተቀመጠ። ትንፋሼ መጣ።

"ካሳ አልፈልግም" አልኩ። "ሕክምናው ቀድሞ ቢጀመር እድን ነበር አልልም፤ ሐኪሙም አያውቅም። ይህን አለማወቅ ያሸከሙኝ ግን እነሱ ናቸው። የምለው አንድ ነው። ከእንግዲህ የእኔ ሳንባ ወሬ መጀመሪያ ለእኔ ይነገር። ከእኔ በኋላ ማን እንደሚሰማ እኔ ልወስን። ጨርሻለሁ።" ተቀመጥኩ።

ሓጎስ ተነሳ። ብዙ ይናገራል ብዬ ነበር። "ኣቦና" አለ፤ አባታቸውን ነው። "ኣቦና ይኸው በሽታ ሲይዘው ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረው። እቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እህል አልቀመሰም። ለምኜዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁ፣ አልዞረም። እንደዚያው ሆኖ ሞተ። ያችን ጀርባ ሁለተኛ ማየት አልቻልኩም። ሌላ የምለው የለኝም።"

ለተብርሃን አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ውሸት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ የሓጎስ አባት አይደለሁም። ፊቴን ወዴት እንደማዞር ሳልጠየቅ አስቀድሞ አዞረልኝ።

ሽማግሌዎቹ ተማክረው እኔ ባልኩት ፈረዱ። ሓጎስ እግሬ ላይ ወደቀ፤ "ይቅር በል" አሉኝ፤ "ይቅር" አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት፤ ልቤ በራሱ ጊዜ ይድረስ። ሰፈሩ ነገሩ ያለቀ መሰለው። እኔ ግን ዛፍ ጥላ ሥር መማል ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። የሚፈተነው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው።

ጥር ላይ እንደገና ተነሥቼ ነበር፤ ፎቶ ማለቴ ነው፣ የደረት። ለውጤቱ ስሄድ ሓጎስ "ልሸኝህ?" አለኝ። "ና" አልኩት። ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ሳል። እኔ ጋቢ፣ እሱ ኮት። አዲስ ሐኪም ነው የወጣው፤ ዐይኑ እኔን ዘሎ ኮቱ ላይ አረፈ።

"የታማሚው ቤተሰብ?"

የሓጎስ ጉልበት በልማድ ግማሽ ተነሳ። አየሁት። ተመልሶ ተቀመጠ።

"ታማሚው ይኸው" አለ። "ለእሱ ንገረው።"

ሐኪሙ አመነታ። "ብቻውን?"

"ሳንባው የእሱ ነው" አለ ሓጎስ፤ መሬት መሬት እያየ። ተነስቼ ስገባ ተከትሎኝ በሩ ዘንድ መጣ። "ክፍት ልተወው?"

"ዝጋው" አልኩት። "ብርድ እንዳይገባ።"

ፊቱ ቀላ። ዘጋው።

ሐኪሙ ዕጢው ወደ ሌላኛው ጎን መዛመቱን ነገረኝ። ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ። ሌላ መድኃኒት ሊሞከር እንደሚችል፣ ብዙ ተስፋ እንዳላደርግ፣ የትንፋሹን ሥራ ግን እንዳላቋርጥ ነገረኝ። ከንፈሬን አሹዬ ተነፈስኩ፤ እስክጨርስ ጠበቀኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ሓጎስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። "ምን አለ?" አላለኝም። በር እያዩ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ትንሽ ይቅመሰው ብዬ ዝም አልኩት። ከዚያ በራሴ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ነገርኩት።

"ለለተብርሃን እኔ ነኝ የምነግራት" አልኩት።

"ሕራይ" አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ዐይኑን ጠረገ። ከጎኔ ሆኖ፣ እርምጃውን ለእኔ አሳጥሮ፣ ወደ ታክሲው ሄድን። ነገሩ ያለቀው ያን ዕለት ነው፤ ረቡዕ፣ ጥር 29 ቀን 2011 ዓ.ም.።